«ድሀ አደግ» ማን ነው? ከፍ ያሉ ልጆች፣ የውጭ አገር ጉዲፈቻና የወንጌላውያን ድርሻ

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ። ሥራው ከዚያ በፊት ከሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትእዛዝ ቆሞ ነበር። ብዙዎቻችን ዜናውን ሰምተን «ይህ ምዕራፍ ተዘጋ» ብለን አለፍነው። ለሕግ ባለሙያው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ለመጋቢዎችና በዝግጅት ላይ ላላችሁ አገልጋዮች ግን አልተዘጋም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በስምንት፣ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የሄዱት ልጆች ዛሬ ሙሉ ሰዎች ናቸው። በጨቅላነቱ የተወሰደ ልጅ ስለ መጣበት ቤት የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ብቻ ነው። ከፍ ብሎ የሄደ ልጅ ግን ያስታውሳል። የእናቱን ፊት፣ የታናሽ እህቱን ስም፣ ከቤቱ በስተጀርባ ያለውን የእንሰት ተክል፣ እሑድ እሑድ የሚሄድበትን የጸሎት ቤት ያስታውሳል። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ቋንቋው ጠፍቶበት፣ አስተርጓሚ ይዞ ይመለሳል። ቤተሰቡን ሲፈልግ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። ከሆሳዕና፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ ብዙ ልጆች ሄደዋልና፣ እነዚህ አካባቢዎች ደግሞ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሰፉባቸው ናቸውና፣ ያ በር የእናንተ መሆኑ አይቀርም። የሚጠይቋችሁን ለመመለስ ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከባሕር የተወሰዱ ልጆች

ወንጌላውያን ከኢትዮጵያ ምድር የወጡ ከፍ ያሉ ልጆችን ተቀብለው ማሳደግ የጀመሩት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አናሲሞስ ነሲብን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሂካ ተብሎ በኢሉባቦር የተወለደው ይህ ልጅ በአራት ዓመቱ ግድም አባቱ ሞተበት፤ ኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣና በምንኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእርሱ ሥራ ነው፤ እንደ እርሱ ከባርነት የተረፈችው አስቴር ገኖም በቋንቋ ሥራው ረድታዋለች። ይህን ታሪክ ስንተርክ ነፃ መውጣቱንና ትርጉሙን እናነሣለን፤ ሂካ ሲወሰድ እናቱ በሕይወት እንደነበረች ግን ብዙ ጊዜ አናነሣም። እንድታስታውሱት አደራ እላለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙም የማይታወቀው ሌላው ታሪክ የላቭዴል ልጆች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ዓረቢያ ገበያዎች ባሪያ የሚያጓጉዙ ጀልባዎችን በባሕር ላይ ያዘች። በጀልባዎቹ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወሰዱና ብዙዎቹ በሸሕ ዑስማን ለነበረው የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተሰጡ። የአየሩ ጠባይና በሽታው ስለ ከበዳቸው ሚሲዮኑ እ.ኤ.አ. በ1890 64 ልጆችን፣ 42 ወንዶችንና 22 ሴቶችን፣ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ላከ።

ሚሲዮናውያኑ በዚህ ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር በጣም ያስገርመኛል። ልጆቹን ከመላካቸው በፊት ኦሮምኛ በሚችሉ ሰዎች ረዳትነት እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው ጠየቁት፤ ስምህ ማን ነው? አባትህ ማን ይባላል? እናትህስ? ስንት ወንድምና እኅት አለህ? መንደርህ የት ነው? ማን ወሰደህ፣ ለማን ሸጠህ፣ በየት በኩል አለፍህ? የሰጡትም መልስ ተጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባለች የደቡብ አፍሪካ የታሪክ ተመራማሪ የ64ቱንም ልጆች ሕይወት መከታተል የቻለችው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። የጸረ አፓርታይድ ታጋዩና የቋንቋ ምሁሩ ኔቪል አሌክሳንደር አያት ቢሾ ጃርሳ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1903 ላቭዴል በሕይወት የቀሩትን ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ተምረዋል፤ ሥራ ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ሆነዋል። ቢሆንም ብዙዎቹ መመለስ እንፈልጋለን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። እነዚህ ሰዎች ለላቭዴል ውለታ ቢሶች ነበሩ ማለት አይደለም። ከፍ ብሎ የተወሰደ ልጅ ሁለት ቤት እንዳለው ያሳያሉ እንጂ።

የላቭዴልን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚያ ልጆች በእውነት ከባርነት የዳኑ ነበሩ። ያዳኗቸውም ሰዎች የእናታቸውን ስም ጠይቀው ጻፉ። ከ110 ዓመት በኋላ በሰላም ጊዜ፣ በአውሮፕላንና በቪዛ በተከናወነው ሥራ ግን በብዙ ልጆች ወረቀት ላይ የእናት ስም አልተገኘም፤ ወይም በሕይወት ያለች እናት እንደ ሞተች ተጽፎ ተገኘ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ልማድ

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ «ጉዲሱ»፣ ማሳደግ፣ ነው። በኦሮሞ ልማድ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በአሳዳጊዎቹ ቤት እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳል፤ በጎሳው ስም ይጠራል። የወለዱት ግን አይካዱም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ የጡት አባትና የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበር፤ ልጅ ለመሆን የሚፈልገው ሰው፣ ብዙ ጊዜ አዋቂ ሰው፣ የአባትየውን ጣት በመጥባት ዝምድናውን ያጸና ነበር። ሁለቱም ልማዶች ዝምድና ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም።

ሕጋችንም በዚህ መንፈስ ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን ያውቅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚቀጥል ይደነግጋል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ሕጉ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት የልጁን ሐሳብ እንዲያገናዝብ ያዝዛል። አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ደግሞ ጉዲፈቻው ሊሰረዝ እንደሚችል አንቀጽ 195 ይናገራል። ይህን አንቀጽ ሳነብ አናሲሞስ ይታወሰኛል።

የአሜሪካው ሕግ ግን በሌላ መንፈስ የተጻፈ ነው። በዚያ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የቀድሞው ዝምድና በሕግ ፊት ይቋረጣል፤ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በወላጆች ቦታ የአሳዳጊዎቹ ስም ይገባል። እንግዲህ በልደታ በሚገኘው የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት አንዲት የገጠር እናትና አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ነበር አስቡ። በችሎቱ የተነገረው ቃል አንድ ነው፤ ጉዲፈቻ። እናቲቱ ልጇ ተምሮ፣ አድጎ፣ ሁለት ቤተሰብ ይዞ የሚመለስ መስሏታል። ባልና ሚስቱ ደግሞ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነርሱ ብቻ እንደሆነ ያምናሉ። ማንም አልዋሸ ይሆናል። ደብዳቤና ፎቶግራፍ በየዓመቱ ይመጣል ተብሎላት ስትጠብቅ የኖረች፣ ልጇ ትምህርቱን ጨርሶ መቼ እንደሚመለስ የምትጠይቅ እናት በደቡብ ገጠሮች ብርቅ አይደለችም። የአሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ካትሪን ጆይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ጽፏል፤ በወንጌላውያን ላይ ያላት አመለካከት አንዳንድ ቦታ ቢከብድም ልናነበው የሚገባ ነው እላለሁ።

ከኦሪገን የተነሣው መንገድ

የዘመናችን የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከወንጌላውያን ታሪክ ተለይቶ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃሪ ሆልት የተባለ የኦሪገን ገበሬ፣ አጥባቂ ወንጌላዊ፣ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የተጣሉትን ልጆች ጉዳይ ሰምቶ ወደ ኮሪያ ተጓዘ፤ 12 ልጆች ይዞ ተመለሰ፤ 8ቱ የእርሱና የሚስቱ የበርታ ሆኑ። ለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ልጅ ማምጣት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የምሕረት ሥራ ሆኖ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ስሜት ጫፍ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት ስለ ጉዲፈቻ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ፤ ከሩሲያ ሁለት ወንዶች ልጆችን ያሳደገው ራስል ሙር ጉዲፈቻን ከወንጌል ትምህርት ጋር አያይዞ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ።

ኢትዮጵያ በዚህ ስሜት መካከል ገባች። በኤችአይቪ ምክንያት ወላጆች እየሞቱ ነበር፤ ድህነቱም ነበር፤ ሌሎች አገሮች ደግሞ በራቸውን እያጠበቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ልጆች ከ150 አይበልጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቁጥሩ 2,500 ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያን የምትበልጣት ቻይና ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎች አገሮች የሄዱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ኢትዮጵያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የሄግ ስምምነት አልፈረመችም ነበር። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን ግን ተቀብላ ነበር፤ የዚህ ቻርተር አንቀጽ 24 የውጭ አገር ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል።

አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ከ20,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ በሆሳዕና ወይም በሶዶ ያንን ያህል ገንዘብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሰብ የኢኮኖሚ ትምህርት አያስፈልግም። ማሳደጊያዎች በዙ፤ ልጅ የሚያፈላልጉ ሰዎች በየመንደሩ ተገኙ። የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ በደቡብ ክልልም በርካታ ማሳደጊያዎች ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ይሠራ በነበረ አንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞች ላይ ክስ መሠረተ፤ የክሱ ፍሬ ነገር ልጆቹ ኖረውባቸው በማያውቁ ማሳደጊያዎች ስም ውል ተፈርሟል የሚል ነበር።

ከፍ ያለው ልጅ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በቁጥሩ ውስጥ ልጁ እንዳይጠፋብን።

አብዛኞቹ አሳዳጊዎች ጨቅላ ይፈልጉ ነበር። የሰባት፣ የዘጠኝ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እኅትና ወንድም ያለው ልጅ፣ የታመመ ልጅ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። በሌላ አነጋገር በእውነት ሰው ያጣውና የሚፈለገው ልጅ አንድ አልነበሩም። ለጨቅላ ወረፋ ተይዞ ሳለ በማሳደጊያው ግቢ ከፍ ያሉት ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ጎልማሳ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ከፍ ያለ ልጅ ለመውሰድ የሚመጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ቅን ነበር ማለት ይቻላል። ይህን የምለው ሙሉውን ታሪክ በአንድ ቀለም እንዳንቀባው ነው። ተወደው ያደጉ፣ ዛሬም ሁለቱንም ቤተሰቦቻቸውን የሚወዱ ብዙዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት አሳዳጊዎች ጉዳዩ ካለቀ በኋላ መጥተው ልጁን ይዘው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ በአካል እንዲቀርቡ ስለ ጠየቀ ሁለት ጊዜ መምጣት ግድ ሆነ። በመጀመሪያው ጉዞ ልጁን ያዩታል፤ በችሎት ይቀርባሉ፤ ይመለሳሉ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቪዛው ሲደርስ ዳግመኛ ይመጣሉ። ለጨቅላ ይህ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን በሁለቱ ጉዞዎች መካከል አባትና እናት ተብለው የቀረቡለትን ሰዎች ሲሄዱ ያያል፤ የፎቶግራፍ አልበማቸውን ይዞ ይቀራል፤ ማሳደጊያው ውስጥ ያሉት ጓደኞቹ «ሄዱ እኮ፣ አይመለሱም» ይሉታል። አንዳንድ ጊዜም በዚያው ሰሞን ወላጅ እናቱ ወይም አያቱ ከገጠር ትመጣና ከአሳዳጊዎቹ ጋር ትገናኛለች፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ልጁ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሕጉ የልጁ ሐሳብ ይገናዘብ ይላል። ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ደስ ብሏቸው፣ እናቱም እያለቀሰች «ሂድልኝ» እያለች፣ «አልሄድም» ለማለት የሚችል ልጅ ስንት ነው?

ዕድሜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ማመልከቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት። የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት አገር በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ዋጋ ነበረው፤ ዝቅ ብሎ ሲጻፍ አሳዳጊ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ከእውነተኛ ዕድሜዋ በታች ባለ ክፍል ተቀምጣ የምትማር፣ ሰውነቷ ሲለወጥ አሳዳጊዎቿ ግራ የሚጋቡባት ልጅ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት በረሃብ፣ በድብደባና በብርድ ሞተች። አሳዳጊዎቿ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኞች ተብለው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። በዚያ ክስ አከራካሪ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ትክክለኛ የልደት ወረቀት ስላልነበራት አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ተመረመረ። በአገራችን ስለ ጉዲፈቻ መከልከል ሲነገር ስሟ ተደጋግሞ የተነሣው ያለ ነገር አይደለም።

ስብከቱ

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንምጣ። ለሴሚናሪ ተማሪዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ጥሩልኝ ስላቸው ሙሴን ይጠራሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ሙሴ እናቱም እኅቱም በሕይወት ነበሩ፤ የፈርዖን ልጅ ደመወዝ እየከፈለች ያጠባችው የገዛ እናቱ ናት። ሁለተኛዋ አስቴር ናት፤ እርሷን ያሳደጋት ግን የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ ነው፤ ዛሬ የዘመድ እንክብካቤ የምንለው ማለት ነው።

ያዕቆብ 1፥27ን እንመልከት። የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በብሉይ ኪዳን «ድሀ አደግ» የሚለውን በዚህ ስፍራ «ወላጆች የሌላቸው ልጆች» በሚል ሐረግ ተክቶታል። ይህ ለሰባኪ ትልቅ ለውጥ ነው። የዕብራይስጡ «ያቶም» አባት የሌለው ልጅ ማለት ነው፤ እናቱ ብዙ ጊዜ አለች። ለዚህ ነው ድሀ አደግና መበለት በሕጉና በነቢያት ዘወትር አብረው የሚጠሩት፤ አንድ ቤት ናቸውና። ሰቆቃወ ኤርምያስ 5፥3 አባት የሌላቸውን ልጆችና እንደ መበለት የሆኑ እናቶቻቸውን በአንድ ቁጥር ያነሣል። ኢዮብ 24፥9 ደግሞ ክፉዎች ድሀ አደጉን ከጡት እንደሚነጥቁ ይናገራል፤ ጡት ካለ እናት አለች። ያዕቆብም ሁለቱን አልለያያቸውም። ስለዚህ አናሲሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር ድሀ አደግ ነበር፤ እናቱ ቤት ውስጥ እያለች። በደቡብ ማሳደጊያዎች የነበሩትም ብዙዎች እንደዚሁ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ልጁን ለማሳደግ ያቃታት ብቸኛ ወላጅ ያለችውን ልጅ «ወላጅ አልባ» ብሎ ይቀበል ነበር። ሰባኪው «ወላጅ የላቸውም» ሲል፣ ሕጉ «አንድ ወላጅ ቢኖርም» ሲል፣ በመካከሉ የጠፋችው መበለቲቱ ናት።

ያዕቆብ ሁለቱን ምን እናድርጋቸው ይላል? አማርኛው «መጠየቅ» ይላል፤ እኔ በበኩሌ ከእንግሊዝኛ ትርጉሞች ብዙዎቹ ይህን ያህል አያምሩም እላለሁ። በእኛ ዘንድ መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። ጠያቂው ተነሥቶ ወደ ሰውየው ቤት ይሄዳል፤ እህል ይዞ ይሄዳል፤ አብሮ ይቀመጣል። ሐዘንተኛን ጠይቆ ልጁን ይዞ የሚመለስ የለም። ኤልሳዕ በ2ኛ ነገሥት 4 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አበዳሪው የመበለቲቱን ሁለት ልጆች ሊወስድ በመጣ ጊዜ በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት፤ ዘይቱ ዕዳውን ከፍሎ ልጆቿን ለእርሷ አስቀረላት። ለአንድ ልጅ የወጣው የ20,000 ዶላር ነገር ሲነሣ ይህ ምዕራፍ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

የጳውሎስ ትምህርትስ? በሮሜ 8፣ በገላትያ 4ና በኤፌሶን 1 ያለው «ሁዮቴሲያ» የሚለው ቃል ከሮማውያን ሕግ ጋር ቅርበት አለው። በሮም የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ወላጅ ያጣ ሕፃን ሳይሆን ቤት የሚወርስ አዋቂ ወንድ ነበር። ኦክታቪያኖስ በዩልዮስ ቄሣር ኑዛዜ ልጅ ሲባል 18 ዓመቱ ነበር፤ ጢባርዮስ በአውግስጦስ ሲወሰድ ከ40 ዓመት አልፎት ነበር። ጳውሎስ ይህን ቃል ሲወስድ የሚያስተምረው ስለ ርስትና ስለ ነፃነት ነው፤ በገላትያ 4 ከልጅነት በፊት ያለው ሁኔታ ባርነት ነው። እኛ ግን «እግዚአብሔር በጉዲፈቻ እንደ ወሰደን እኛም እንውሰድ» ብለን ስንሰብክ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ካላሰብንበት አደጋ አለው። በምሳሌው አሳዳጊው በእግዚአብሔር ቦታ ይቆማል፤ የወለደችው እናት ግን በማን ቦታ ትቆማለች? በባርነቱ ቦታ። የቀድሞው ስም፣ የቀድሞው ቋንቋ፣ የቀድሞው ቤት ሁሉ የምንወጣበት ግብፅ ይሆናል። አናሲሞስንና የላቭዴልን ልጆች ይህ ምሳሌ ይገልጻቸዋል፤ እነርሱ በእርግጥ ከባሪያ ነጋዴ እጅ ወጥተዋልና። ከድሀ እናት እቅፍ ለመጣ ልጅ ግን አይሆንም። እንዲህ ያለውን ስብከት እየሰማ ያደገ ከፍ ያለ ልጅ እናቱን ሲናፍቅ ወንጌልን የካደ ይመስለዋል። ወንጌል እንዲህ ያለ ምርጫ አልሰጠውም፤ ምሳሌውን ከመጠን በላይ የለጠጥነው እኛ ነን።

የሚመለሱት

«ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለውን የመረጃ ሥራ የመሳሰሉ ጥረቶች በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን እያገናኙ ነው። ፍለጋው መንደር ሲደርስ ግን ሰው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ወይም መጋቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ ወረቀቱን በሙሉ አትመኑ፤ ስምም፣ ዕድሜም፣ «እናት፦ የሞተች» የሚለውም ስሕተት ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱ የሚያስታውሰውን ጠይቁት፤ የወንዙን ስም፣ የከብቷን ቀለም፣ አያቱ የጠሩትን የቁልምጫ ስም። ከመገናኘቱ በፊት ብቻዋን ወደ እናቲቱ ሂዱ፤ ልጇ ሞቷል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጣ ይሆናልና፣ ወይም ለአሁኑ ባሏ ልጅ እንደነበራት ያልነገረችው ይሆናልና። የልጁ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ለምን ሰጠሽኝ?» የእናቲቱም መልስ ብዙ ጊዜ «አልሰጠሁህም፣ ልኬህ ነበር» ነው። አስተርጓሚው ይህን ልዩነት በትክክል እንዲያስተላልፍ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት በቀላሉ ይደባለቃሉ።

በአገር ውስጥ የቀሩትም አሉ። በሩ ከተዘጋ ወዲህ ጨቅላዎችን የሚቀበሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይገኛሉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ለመውሰድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምክንያታችን የአሜሪካውያኑ ነው፤ ከፍ ያለ ልጅ የራሱ ትዝታ አለው፣ አይለምድም፣ ጠባዩ አይታወቅም እንላለን። በብዙ ጉባኤዎቻችን ውስጥ ደግሞ ወንድሙ የሞተበት፣ የወንድሙን ልጆች ከራሱ ስድስት ልጆች ጋር የሚያሳድግ፣ ያንን ጉዲፈቻ ብሎ የማይጠራ፣ ማንም ያልጠየቀው ምእመን አለ። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲከብደው አንደኛውን ልጅ ወደ ማሳደጊያ ለመላክ ያስባል። የጉባኤያችሁን መዝገብ አውጥታችሁ እንደነዚህ ያሉትን ቤቶች በስም ጻፉ፤ የአባትን፣ የእናትን፣ የመንደሩን ስም ጨምራችሁ፣ በ1890 በሸሕ ዑስማን እንደ ተጻፈው።